ቪታራዋ፣ ራቭ ፎሯና የባንቺ ወገብ

ክቡር የመምሪያ ኃላፊያችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን ድግስ ላሰናዳችሁልኝ ለወይዘሮ ለተሥላሴና ለአስተዳደር ክፍሉ ሠራተኞች ከልብ አመሰግናለሁ። ሥጋው ጥሩ ነበር፣ ጠላውም ደርሶለታል። ጋቢውን ይኸው ለብሼዋለሁ። ያቀረባችሁልኝን ወንበር ግን ይቅርታ አድርጉልኝ፣ መቀመጥ አልቻልሁም። ከጠዋት ጀምሬ ስነሳ ስቀመጥ፣ ስወጣ ስገባ ነው የዋልሁት። ዘበኛው እንኳ "ጋሼ ምትኩ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?" ብሎኛል።

እስካሁን የጠፋብኝ የለም፤ ሊጠፋብኝ የሚችል ግን አለ። ባለቤቴ ባንቺ ያቻትና ከወይዘሮ ለተሥላሴ አጠገብ ተቀምጣለች። ነገ ጠዋት ለሚነሳው የወልድያ አውቶቡስ ቲኬት ቆርጣለች። ትንሿን ልጃችንን ምህረትን ይዛ ትልቋ ልጃችን አምሳለ ዘንድ ልትኖር ነው፤ ለወገቧም ሐኪም ይቀርባታል። እኔን እንሂድ አላለችኝም።

በስንብት ቀን የቤት ጉዳይ ምን አመጣው ትሉኝ ይሆናል። ታገሡኝ፣ የማወራው ስለ መኪና ነው። ሹፌር ሌላ ምን ያወራል?

ለዚህ መሥሪያ ቤት ዐሥራ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ። ከሰቆጣ ወደ ሰሃላ መንገዱ አልቆ በእግር እስከሚኬድበት ድረስ፣ ወደ አምደወርቅ በየሳምንቱ፣ ወደ ወልድያ በየወሩ። ጡረታዬ ሲቃረብ ታዲያ ለቤተሰብ የምትሆን ትንሽ መኪና ልግዛ አልሁ። ምህረትን ትምህርት ቤት የማደርስባት፣ ባንቺን ገበያና ቤተ ክርስቲያን የማመላልስባት፣ ሐኪም ዘንድም የምወስድባት።

ሁለት መኪና ተገኘ። አንዷ ነጭ ቪታራ፣ የቀድሞ አለቃችን የአቶ ገብረ ጻድቅ ናት። ሌላዋ አረንጓዴ ራቭ ፎር፣ የነጋዴው የሚፍታሕ። ሁለቱም ባለቤቶች ደጎች ናቸውና መኪናዎቹን ወስደህ ሞክራቸው አሉኝ።

መሥሪያ ቤቱ ለሁለት የተከፈለው ይህን ጊዜ ነው። የቪታራ ወገን መሪ ማን ነበር? እኔን የሚተካው ካሤ። ሻንሲ ያላት፣ ከሥሯ ወፍራም ብረት የተዘረጋላት መኪና ናት፣ ከባድ ማርሽ አላት፣ ወንዝ ውስጥ ብትገቡ ታወጣችኋለች እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። እውነቱን ነው። ወይዘሮ ለተሥላሴ በበኩላቸው "ጋሽ ምትኩ ወንዝ ውስጥ ምን ሊሠሩ ይገባሉ? ገበያ አይደል የሚሄዱት?" አሉ። እሳቸውም እውነታቸውን ነው። በሻይ ሰዓት ስለ ሁለቱ መኪና ያልተጨቃጨቀ ክፍል አልነበረም፤ መንዳት የማይችሉት ናቸው ይበልጥ የሚጮኹት።

የእኔ ልብ ቪታራዋ ላይ ነበር። ባለ ሁለት በር፣ አጭር ናት፣ ጠባብ መታጠፊያ ላይ እንደ ፍየል ትዞራለች። ሁለተኛውን፣ የከባድ ማርሹን እጀታ ስትስቡት ዳገቱን ቀስ ብላ ትቧጥጠዋለች። ራቭ ፎሯ አራቱም ጎማዋ ይጎትታል እንጂ ያ እጀታ የላትም። ግን ለኋላ ሰውም የራሱ በር አላት፣ መግቢያዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ጠጠር መንገድ ላይ ቪታራዋ ስታንገጫግጭ እሷ ለስለስ ትላለች። ሹፌር ግን ለስላሳነትን መቼ ያያል? እኔ የማየው ዳገቱን ነው።

የኋላውን ወንበር በምን ፈተንሁት መሰላችሁ? በማሽላ። አንድ ኩንታል ማሽላ ጭኜ አቀበቱን ወጣሁ ወረድሁ፤ ቪታራዋ ምንም አትልም ብዬ ተመለስሁ። ማሽላ ወገቤን አይልማ። አትሳቁ፣ ሰው የሚቀመጥበትን በጭነት የሚሞክር ሹፌር እዚህም ሞልቷል።

ቅድም ኃላፊያችን ያነበቡልኝ የምስጋና ወረቀት ይኸው እጄ ላይ ነው። "የመንግሥትን ተሽከርካሪ አንድም ቀን ለግል ጥቅም ያላዋለ" ይላል። አጨበጨባችሁ። ባንቺን አየኋት፤ እሷም አጨበጨበች። ከዚያ ወዲህ ነው መቆሙም የጨነቀኝ።

ስለዚህ ወረቀት የማታውቁትን ልንገራችሁ። ሚያዝያ 1988 ዓመተ ምሕረት ነው። አቶ ገብረ ጻድቅን ይዤ አምደወርቅ ለስብሰባ ሄጃለሁ። ባንቺም እዚያው እናቷ ዘንድ ነበረች፣ ምህረትን የሰባት ወር እርጉዝ። ታመመች። በቶሎ ሰቆጣ ሐኪም ዘንድ ትድረስ ተባለ። በዚያው ጠዋት አለቃዬ ቢሮ የረሱትን ሰነድ እንዳመጣላቸው ላኩኝ። ወዴት? ወደ ሰቆጣ። ባዶ መኪና ይዤ።

የሹፌር ቤተሰብ አይሳፈርም የሚለውን ነገር ለሌሎች ሹፌሮች የምሰብከው ደግሞ እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ሚስቴን እህል በጫነ አይሱዙ ላይ፣ ጋቢናው ሞልቶ ነበርና ከጆንያው አናት አስቀመጥኋት። ሸራውን ያሰርሁላት በገዛ እጄ ነው። ከዚያ ባዶውን ቶዮታ እየነዳሁ፣ የአይሱዙውን አቧራ እየቃምሁ እስከ ሰቆጣ ተከተልኋት። በየጉድጓዱ ጭነቱ ሲዘል አያለሁ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ይኸ አይደለም?

ምህረት በሰላም ተወለደች፣ ተመስገን። የባንቺ ወገብ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልዳነም። እሷ ሆድ ይፍጀው ብላ ዐሥራ ሦስት ዓመት ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ስትናደድ በእናቷ ቋንቋ በኽምጣኛ ነው የምትናገረው፣ እኔም አሳምሬ እሰማለሁ። በኽምጣኛም አልተናገረችም።

ወደ መኪናዎቹ ልመለስ። ያለፈው ቅዳሜ ማሽላውን አውርጄ ባንቺን ራሷን ይዤ ቪታራዋን ልሞክር አልሁ። መንገዱ ያው የአምደወርቅ መንገድ ነው። የፊቱን ወንበር አጠፍሁ፣ ደግፌ ከኋላ አስገባኋት፣ ወንበሩን መለስሁና መሪዬን ያዝሁ። መንገድ ላይ አንድ የሚያውቁኝ ሽማግሌ አስቆሙኝና ጎንበስ ብለው ወደ ጋቢናው እያዩ ኃላፊው ዛሬ የሉም ወይ አሉኝ። የሉም አባቴ፣ የግሌ ጉዞ ነው ብዬ አለፍሁ። ምንም አልታየኝም። ጥቂት እንደሄድን ከኋላዬ ድምፅዋን ሰማሁ።

"ምትኩ፣ ጋቢናው ለማን ነው?"

"ለማንም" አልኋት።

"ታዲያ እኔን ለምን ከኋላ አስቀመጥኸኝ?"

ክቡራትና ክቡራን፣ በክፋት አልነበረም። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጋቢና የኃላፊ ነው። ኃላፊ በሌለበት ቀን እንኳ ሰው አላስቀምጥበትም፤ እጄ የሚያውቀው ይኸንኑ ነው። እዚህ ያላችሁ ሹፌሮች ታውቁታላችሁ። ግን ወገቧ የታመመ ሴት አስጎንብሼ ከኋላ ከትቼ፣ አጠገቤ ለማንም ያልሆነ ወንበር ይዤ መሄዴ ምን ይባላል? አቆምሁና ወደ ፊት አዛወርኋት። አፈርሁ፣ በጣም አፈርሁ።

በማግስቱ በራቭ ፎሯ ወጣን፣ እሷ ፊት ተቀምጣ። ቁልቁለቱን እንደጨረስን ዞር ብዬ ሳያት እንቅልፍ ወስዷታል። መኪና ላይ ተኝታ አይቻት አላውቅም ነበር። ካሤ ልጄ፣ ክርክራችን እዚያ ላይ አለቀ። ቪታራህ ጎበዝ መኪና ናት፤ ለቤቴ የምትሆነው ግን ባንቺ የምትተኛባት ናት። ሰኞ ከሚፍታሕ ጋር ተስማማንና ገዛኋት፤ ያችውና ግቢ ቆማለች።

እየሮጥሁ ቤት ሄጄ መኪና ገዛሁልሽ ብላት ምን አለችኝ? "ጥሩ መኪና ናት። እኔ ግን ወልድያ ነው የምሄደው።" ለምን አልኋት። "አንተ ቤት ስትውል አይቼህ አላውቅም። አላውቅህም" አለችኝ። በማግስቱ ቲኬቷን ቆረጠች። እኔም ራሴን አላውቀውም፤ ለዚህ ነው እንዲህ የምቁነጠነጠው።

ሐሙስ ዕለት ቪታራዋን ልመልስ አቶ ገብረ ጻድቅ ቤት ሄድሁ። ለምን እንዳልወሰድኋት ቢጠይቁኝ የባንቺን ወገብ ነገርኋቸው፤ ከየት እንደመጣባትም ነገርኋቸው።

"ያን ቀን ወደ ሰቆጣ የላክሁህ እኔ ነኝ። ለምን አልጠየቅኸኝም?" አሉኝ።

"ደንቡ አይፈቅድም ብዬ ነዋ።"

"የታመመ ሰው እንዲሳፈር የሚፈቅደውን ደንብ የፈረምሁት እኔ ነኝ። ብትጠይቀኝ ቶሎ በል፣ ይዘሃት ሂድ ነበር የምልህ።"

እንግዲህ ደንቡም አልከለከለኝም፣ አለቃዬም አልከለከሉኝም። እኔ ነኝ ያልጠየቅሁት። ምትኩ ለሚስቱ ብሎ ለመነ እንዳልባል ፈርቼ ነው። የሚያስጨበጭብ ስም ይዤ ቀረሁ፣ እሷ ደግሞ ወገቧን ይዛ ቀረች። ደግሞስ እሷን ራሷን ምን ጠይቄያት አውቃለሁ? መኪናዋን እንኳ ገዛሁልሽ አልኋት እንጂ ትፈልጊያለሽ ወይ አላልኋትም።

ካሤ፣ ሚስትህ መውለጃዋ እንደደረሰ ሰምቻለሁ። ኃላፊያችን ይኸው እዚህ ናቸው፤ ቀኑ ሲደርስ ሂድና ጠይቃቸው። ቢከለክሉህ እንኳ ጠይቀህ ተከልክለሃል።

ባንቺ፣ በሰው ፊት ላስጨንቅሽ አይደለም፣ መልስሽንም በሰው ፊት አልፈልግም። ያኔ ባለመጠየቄ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ዛሬ ግን እጠይቅሻለሁ። ነገ ወልድያ እኔ ላድርስሽ ወይ? እዚያ ስንደርስ ተመለስ ካልሽኝ እመለሳለሁ፤ ቆይ ካልሽኝ እቆያለሁ። በአውቶቡስ ነው የምሄደው ካልሽም ዕቃሽን መናኸሪያ እሸከምልሻለሁ።

ወዳጆቼ፣ ስቆጣችሁና ስጮኽባችሁ የኖርሁትን ይቅር በሉኝ። አምላክ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። ወጥታችሁ በሰላም ግቡ፣ ገደሉን አሻግሮ ሜዳውን ያሳያችሁ። የዋግን ምድር ዝናብ አይንሳት። ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁ፣ ደጃችሁን የሚጠብቅ ሰው አትጡ። እኔ ከዘገየሁበት ነገር እናንተን በጊዜ ያድርሳችሁ።

አሁን ልውረድና መልሷን ልስማ።