የራሱን ሸሚዝ ያላወለቀው ሐኪም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ባለቤቱ እህቴ፣ ልጆቹ፣ የሥራ ጓደኞቹ። አላስረዝምም። ተናድጃለሁ፤ የተናደደ ሰው ደግሞ ንግግር ሲያበዛ ይሳሳታል።

ዛሬ ከምንቀብረው ከዚህ ሰው ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ክፍል ሠርቻለሁ። እሱ ሐኪም፣ እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩ ቁስል አጣቢ። የማውቀውን ያወቅሁት አጠገቡ ቆሜ በማየት ነው። «አባ ተረከዝ» የምንለው ለምን ይመስላችኋል?

አንድ ተሸካሚ «አንዱ እግሬ አልታዘዝ አለኝ» ብሎ መጣ። አለቃው ተከትሎት ገባ። «ዶክተር፣ ሥራ ጠልቶ ነው። አስመሳይ ነው፤ ላባርረው ነው» አለ። የኛ ሰው ተሸካሚውን በጀርባው አስተኛው። እጁን በደህናው እግር ተረከዝ ሥር ሰደደና «የታመመውን አንሣ» አለው። የታመመው ንቅንቅ አላለም። ደህናው ግን ወደ ታች ተጫነ።

«ና፣ እጅህን አግባ» አለው አለቃውን። «ተሰማህ? አንዱን እግር ከልቡ ሊያነሣ የሚታገል ሰው በሌላው ይገፋል። አስመሳይ ቢሆን ይኼ ተረከዝ ዝም ይል ነበር።»

«እኔ እኮ…»

«አንተማ ሰው የምትመረምረው ከወንበርህ ሳትነሣ ነው።»

ደረትም እንደዚሁ። ሸሚዝ ያስወልቃል፤ አውራ ጣቶቹን ታችኛው ጎድን ላይ ያሳርፋል፤ «አየር ሳብ» ይላል። የጤነኛ ጎድን ወደ ውጭ ይከፈታል። ሳንባው ክፉኛ የተጎዳ ሰው ግን ጎድኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ስንቱን ሸሚዝ አስወለቀ? ስንቱን? የሱን ግን ማን አስወለቀው?

አምና ቧንቧ ፈንድቶ ልብሱን አራሰው። ሲቀይር አየሁት። ጎድኑ ወደ ውስጥ ይገባል።

«ወንድሜ፣ ጎድንህ» አልኩት።

«ዓይንህ አርጅቷል። አንተ ፋሻህን ጠቅልል» አለኝ።

ጠቀለልኩ። እሱ ሐኪም፣ እኔ ፋሻ ጠቅላይ፤ ምን ልበል? ለባለቤቱ ልንገር? አልነገርኩም። ዕድሜ ልኬን ግትር እየተባልኩ ያረጀሁ ሰው፣ የዚያን ቀን ብቻ እሺ ባይ ሆንኩ።

እህቴ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልንገርሽ፤ አይቼ ነበር። «ደረጃ ስወጣ የሚደክመኝ ሸምግዬ ነው» ሲልሽ፣ እኔ እውነቱን አውቅ ነበር።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ። ያንተንና የኔን ጠብ እኔም ስመጣ እንጨርሰዋለን። ይቅርታ የምለምነው ግን አንተን አይደለም፤ እሷን ነው።