ጀርባው ያልታወቀ ሰንደቅ

ልትሸኟቸው የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች ሆይ፤ ዛሬ እዚህ የሰበሰቡን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ምንጩ» እያለ የሚጠራቸው፣ ማንም ምንም ቢነግራቸው «ምንጩስ?» ብለው ሳይጠይቁ የማያልፉት ታላቅ ወንድማችን ናቸው። ይህን ጽፎ የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ሲሆን፣ በወረቀቱ ውስጥ እሱ ራሱ በክፉ የሚነሣበት ቦታ ስላለ፣ በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ወግ ስለ ራሱም እንደ ሌላ ሰው ማውራትን መርጧል።

ጋሼ ምንጩ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከእናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ከሰባ ስድስት ዓመት በፊት ተወለዱ። አባታቸው ለሆቴል ዘበኞችና ለተማሪዎች የደንብ ልብስ የሚሰፉ ሰው ስለነበሩ፣ ልጅነታቸውን ያሳለፉት ከስፌት መኪናው ሥር ቁልፍና ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀሙ፣ አባታቸውም «የልብስን እውነት ማወቅ የፈለገ ገልብጦ ይየው» ሲሉ እየሰሙ ነበር። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ለጥገና ከመጣ ካፖርት ኪስ ውስጥ ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ቀለሙ ተፋፍቆ ያለቀ የብረት ወታደር አገኙ፤ የካፖርቱ ባለቤትም የኔ ነው ሳይል ስለሄደ ለእርሳቸው ቀረ። የዚህ ሰው ኮት ቀለሙ ምን ነበር ብለው አባታቸውን ቢጠይቁ፣ ሥራ የበዛባቸው አባት «እኔ አልሰፋሁለትም» ብለው አለፏቸው። ልጅየው ግን በዚህ አላለፉም፤ ጥያቄውን ይዘው ስድሳ አራት ዓመት ኖሩበት።

ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት ካጠናቀቁ በኋላ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ተቀጥረው፣ ከገንዳው የወጣው ጨርቅ ከናሙናው ጋር አንድ መሆኑን በዓይናቸው እየመረመሩ ሠላሳ ሰባት ዓመት አገልግለዋል። ሌላው ሰው ግራጫ ብሎ የሚያልፈውን እርሳቸው በአምስት ዓይነት ይከፍሉት ስለነበር፣ የገንዳው ሠራተኞች እርሳቸው ሲመጡ ሲያዩ ጨርቁን ወደ ጥላ መጎተት ልማዳቸው ነበር። እርሳቸውም ጎትተው ወደ መስኮቱ ይመልሱታል።

በሠላሳ ዓመታቸው፣ መጽሐፍ ሊዋሱ የሚመላለሱበትን ቤተ መጻሕፍት ካርድ የሚያደራጁትን ባለቤታቸውን አገቡ። እናታቸው ልጅቱ እንዴት ናት ብለው ቢጠይቋቸው «እስካሁን ያየኋት በአንድ ጎኗ ነው፤ ካርድ ስትጽፍ ዞር አትልም» ብለው መመለሳቸው ተሰምቶ፣ ባለቤታቸው ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሲስቁበት ኖረዋል። ከጋብቻቸውም አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

የጋሼ ምንጩ ልብ የነበረው ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ ነገሥታት በዙፋን ውርስ ተጣልተው ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ ያደረጉ ወታደሮቻቸውን ሜዳ ላይ ባሰለፉበት ዘመን ነው። የዚያን ዘመን ሠራዊት በትንንሽ የብረት ወታደሮች አቁመው፣ በገዛ እጃቸው ቀብተው፣ ዳይስ እየጣሉ በጠረጴዛ ላይ ያዋጉ ነበር። ጠረጴዛ የሚሆን ሰፊ ጣውላ ስላጡ የሳሎኑን በር ነቅለው በሁለት በርሜል ላይ አጋደሙት፤ ባለቤታቸውም በበሩ ፋንታ መጋረጃ ሰቀሉ። ነገር ግን ለእርሳቸው ውጊያው ሰበብ እንጂ ዋናው ነገር አልነበረም፤ ዋናው ነገር ማወቅ ነበር። በዚያ ዘመን የኮቱ እጅጌ ወደ ውጭ ሲታጠፍ የሚታየው የገበሩ ቀለም መሆኑን መጽሐፍ ሳያነቡ ከአባታቸው ሱቅ ያወቁት ነው፤ ቢጫ ቀለም ከሰማያዊ ቀድሞ እንደሚለቅ ከፋብሪካው ስላወቁም፣ በአንድ አሮጌ ሥዕል ላይ ሰማያዊ የሚመስለው ኮት ጥንት አረንጓዴ እንደነበር ደርሰውበት፣ ቀብተው የጨረሷቸውን ዘጠና ወታደሮች ፍቀው እንደገና ቀቡ። የማያውቁትን አይቀቡም ነበር። ይህ ሕጋቸው ነበረ፤ ለሰውም ለራሳቸውም ብለው አላላሉትም።

ታናሽ ወንድማቸው እሁድ እሁድ እየመጣ ከጠረጴዛው ማዶ ይቀመጥ ነበር። እሱ ታፔላ ጸሐፊ ነው፤ ደንበኛ አንበሳ ሳል ካለው አንበሳ፣ ንስር ካለው ንስር የሚስል፣ አንበሳውም ንስሩም ከየት እንደመጣ ጠይቆ የማያውቅ ሰው ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተዋግተው፣ ታላቅየው ብዙውን ጊዜ አሸነፉ። ታናሽየው ያሸነፈባቸው ጥቂት ቀናትም ምክንያት ነበራቸው።

ምክንያቱ አንድ የእግረኛ ክፍለ ጦር ነው። በዚያ ዘመን ክፍለ ጦር የሚጠራው በአዛዡ ስም ሲሆን፣ ይህኛው ሦስት አዛዦች በተከታታይ ስለሞቱበት ጋሼ ምንጩ «የሙት ልጅ» ብለው ሰየሙት። የኮቱን፣ የገበሩን፣ የቁልፉን ነገር ሁሉ ጨርሰው ቢያገኙም ሰንደቁ ላይ ሲደርሱ ጉዳዩ ቆመ። ሩቅ አገር ያሉ አንድ የሙዚየም ጠባቂ ከአሮጌ የንብረት መዝገብ ገልብጠው የላኩላቸው ጽሑፍ «በአንድ ገጹ፣ በሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ግንብ፤ በሌላኛው ገጹ» ይልና ቀሪውን እርጥበት በልቶታል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዐሥራ ስድስት ደብዳቤ ጻፉ፤ መልሱ ሁሉ አናውቅም ሆነ። ስለዚህ ያንን ገጽ ባዶውን ትተው፣ ባዶነቱ እንዳይታይ ክፍለ ጦሩን ምንጊዜም ከግድግዳው ጥግ ያቆሙት ነበር፤ ታናሽ ወንድማቸውም የት እንደሚቆም አስቀድሞ ስለሚያውቅ አልፎ አልፎ በዚያ በኩል ያሸንፍ ነበር።

አርባ አምስት ዓመት ሲሆናቸው ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገቡ። ታናሽ ወንድማቸው ደስ ሊያሰኛቸው ብሎ፣ ክፋት ሳያስብ፣ በዚያ ባዶ ገጽ ላይ ዐሥራ ስድስት ጨረር ያላት ወርቃማ ፀሐይ ስሎ አልጋቸው ድረስ ወሰደላቸው። «ምንጩስ?» አሉት። ታፔላ ልጽፍለት የሄድኩ ጠበቃ ቤት ባየሁት አሮጌ መጽሐፍ ነው አላቸው። ያን ቀን ጋሼ ምንጩ አለቀሱ፤ ወንድማቸው ሲያለቅሱ አይቷቸው የማያውቅ በመሆኑ፣ እውነቱን ለመናገር የከፈተውን አፉን መልሶ ዘጋው።

ከሆስፒታል እንደወጡ ለሙዚየሙ ጠባቂና በየከተማው ላሉ የሙያው ወዳጆች የምሥራቹን ጻፉ፤ ወዳጆቹም በሚያሳትሟት ትንሽ መጽሔት አወጡት፤ ዐሥራ አንድ የማያውቋቸው ሰዎችም በየቤታቸው ያችን ፀሐይ ሳሉ። ሁለት ዓመት አለፈ። የሙዚየሙ ጠባቂ የመጽሐፉን ገጽ ግልባጭ ቢጠይቁ፣ ጋሼ ምንጩ ራሳቸው ጠበቃው ዘንድ ሄዱ፤ ጠበቃው ግን ከሕግ መጻሕፍት በቀር ሌላ የላቸውም ነበር። በማግስቱ እሁድ ወንድማቸው ሲመጣ፣ ፀሐይዋ በምላጭ ተፍቃ የተነሣችበትን ሰንደቅ መዳፉ ላይ አኖሩለትና፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «አንተ ወንድሜ ነህ፤ ምንጭ ግን አይደለህም» አሉት። ከዚያም ለሃያ ሰባት ሰዎች ማስተባበያ ጻፉ። በሃያ ሰባቱም ደብዳቤ ስሕተቱ የኔ ነው አሉ እንጂ የወንድማቸውን ነገር አላነሡም።

ታናሽ ወንድማቸው ከዚያ እሁድ በኋላ አልሄደም። መጀመሪያ አፍሮ ቀረ፤ ኋላ መቅረቱ ራሱ አሳፈረው፤ ከዚያ ዓመታቱ ተቆለሉ። በሠርግና በሐዘን ይገናኛሉ፤ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ያወራሉ፤ ይለያያሉ። ባለቤታቸው ወንድማቸውን ጠርተው እንዲታረቁ ሲለምኗቸው «መንገዱን ያውቀዋል» ይሉ ነበር። እውነት ነው፣ ያውቀው ነበር። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ባለቤታቸው ሲያርፉም ወንድማማቾቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ውለው ያንን ነገር ሳያነሡት ተነሡ።

በእነዚህ ሃያ ዘጠኝ ዓመታት ጋሼ ምንጩ ከራሳቸው ጋር ይዋጉ ነበር። የአንዱን ሠራዊት ትእዛዝ ጽፈው በፖስታ ያሽጉና፣ የጻፉትን እስኪረሱ ሁለት ሳምንት ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ወደ ማዶው ወንበር ተሻግረው የሌላውን ይጽፋሉ። አንድ ውጊያ ዓመት ይፈጅባቸው ነበር። ከአራት ዓመት በፊት የመርሳት ሕመም ሲጀምራቸው ግን ሁለት ሳምንት መጠበቅ ቀረ፤ አንዲት ልጃቸው ልትጠይቃቸው በመጣች ጊዜ በአንድ ቀን ሁለት ፖስታ ሲያሽጉ አይታ ብትጠይቃቸው፣ «ያኛው ሰውዬ ዘንድሮ ከብዶኛል፣ ምን እንደሚያስብ አላውቅም» አሏት። የልጃቸውን ስም በጠፋባቸው ቀን እንኳ የሙት ልጅ ኮት ስንት ቁልፍ አለው ብትላቸው ይመልሱ ነበር።

ልጃቸው ደውላ ብትጠራው፣ ታናሽ ወንድማቸው ባለፈው ዓመት ያን መጋረጃ ገልጦ ገባ። በአክብሮት ብድግ ብለው ተቀበሉትና «እርስዎ ወንድም አለዎት?» ብለው ጠየቁት። አንተ ሲሉት ያደጉ ወንድሙ እርስዎ ሲሉት፣ እሱም አለኝ አላቸው። «የኔም እሁድ እሁድ ይመጣል» አሉት። ይቅርታ ሊጠይቅ አስቦ ቢመጣም ማንን እንደሚጠይቅ ስላላወቀ፣ ሌላ ቀን ሻል ሲላቸው እመጣለሁ ብሎ ወጣ። አልመጣም። ባለፈው ረቡዕ ማለዳ፣ በተኙበት አረፉ።

በማግስቱ ልጃቸውና ታናሽ ወንድማቸው ክፍላቸውን ሲያስተካክሉ፣ የሙት ልጅ ክፍለ ጦር ከግድግዳው ጥግ ተነሥቶ ጠረጴዛው መሐል ቆሞ አገኙት። በሰንደቁ ባዶ ገጽ ላይ በተንቀጠቀጠ እጅ ወርቃማ ፀሐይ ተስላለች፤ ጨረሯ ዘጠኝ ብቻ ነው፣ አንዱም ጎብጧል። የቀቡትን ሁሉ የሚመዘግቡበት ደብተር የመጨረሻ ገጹ ላይ፣ ቀን መጻፍ ረስተው የማያውቁት ሰው ቀኑን ባዶ ትተው፣ እንዲህ ጽፈዋል፦ «የሙት ልጅ፣ የሰንደቁ ሌላኛው ገጽ፤ ፀሐይ። ምንጭ፦ ወንድሜ።» ውሸቱን ረስተው ይሁን ይቅር ብለው፣ ታናሽ ወንድማቸው አያውቅም። ይህን የሚጠይቅ ደብዳቤም ወደየትም መጻፍ አይቻልም። ያቺን ፀሐይ ግን ማንም እንደማይነካት፣ እሱም ከዚህ እሁድ ጀምሮ በማዶው ወንበር እንደሚቀመጥ፣ በእናንተ ፊት ይናገራል።

ጋሼ ምንጩ አንዲት ሴት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና ዘግይቶ የደረሰ አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። የማያውቁትን ያልቀቡ እጆቻቸውን ፈጣሪ በምሕረት ይቀበል፤ ነፍሳቸውን ከባለቤታቸው ጎን ያሳርፍ፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።

ይህን ሁሉ ቢሰሙ ምንጩን መጠየቃቸው አይቀርምና፣ ምንጭ፦ ወንድማቸው።