እምቢ ያለው ሣር

መንደሩ ሁሉ «አባ ንቀል» ይላቸዋል። እኚህ ሽማግሌ አረም አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም፤ የራሳቸው እርሻ ይሁን የጎረቤት፣ እጃቸውን ይበላቸዋል። አንድ ጊዜ ወዳጃቸውን ሊጠይቁ ሆስፒታል ሄደው የግቢውን አበባ አረም ነው ብለው ነቃቅለውታል።

ታዲያ አንድ ማለዳ ወደ ወፍጮ ቤት ሲሄዱ በታችኛው እርሻቸው በኩል አለፉ። ይህ ተዳፋት መሬት ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ጦሙን አድሯል። ሆዳቸው ስለሚባባ ብዙም አይረግጡትም፤ ከመንገድ ሆነው አየት አድርገውት ነው የሚያልፉት። ዛሬ ዓይናቸውን ወርወር ቢያደርጉ ሣር! ያውም በመስመር የቆመ።

«ወይ ድፍረት! አረሙም ሰልፍ ያዘ?» አሉና ከረጢታቸውን ጥለው ነቀላ ገቡ።

ፀሐይዋ ሞቅ ሳትል ነቅለው ከመሩት። ጎርፍ በሸረሸረው ቦረቦር አፋፍ ላይ ያለ አንድ እፍኝ ሣር ብቻ በሁለት እጅ ቢጎትቱትም እምቢ አለ፤ ጭራሽ እሳቸውን በቂጣቸው ዘጭ አደረጋቸው።

ልብሳቸውን ሲያራግፉ የልጅ ልጃቸው ደረሰች። ግብርና ተምራ የእርሻ ባለሙያ ሆና የምትሠራ ልጅ ናት። ክምሩን አይታ ክው ብላ ቀረች።

«አባባ፣ ምን አደረጉ?»

«አረምኩልሽ፣ የኔ እናት!»

«እኔ እኮ ነኝ የተከልኩት።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «መሬቱ ጦሙን ከሚያድር እንደፈቀድሽ አድርጊው አላሉኝም?»

«ባቄላ ትዘሪያለሽ ብዬ ነዋ! ሣር የሚተክል ገበሬ ማን አይቶ ያውቃል?»

በሽማግሌው ለመፍረድ አንቸኩል። ዕድሜ ልኩን ሣር ሲነቅል የኖረ እጅ ነው።

«ሣሩ ለነዳጅ ነው፣ አባባ። ታጭዶ ፋብሪካ ይገባል፤ እዚያ ተብላልቶ መኪና የሚነዳበት ነዳጅ ይወጣዋል። በዓመቱ ከዚያው ሥር እንደገና ይበቅላል፤ ማረስ የለ፣ መዝራት የለ። ከምድር ተቆፍሮ የሚወጣው ነዳጅ አንድ ቀን ያልቃል፤ ይሄ ግን ዝናብና ፀሐይ እስካለ አያልቅም።»

አባ ንቀል ቆጣ አሉ። «ስሚኝ ልጄ፣ እህል የሚያበቅል መሬት ለመኪና ቀለብ ማድረግ ግፍ ነው። አያትሽ ድንጋዩን በጀርባዋ ተሸክማ ነው ይህን መሬት ያቀናችው። ለልጆቿ ብላ እንጂ ለመኪና ብላ አይደለም።»

«እውነትዎን ነው። የላይኛውን ጥቁር መሬት ያልነካሁትም ለዚሁ ነው፤ እሱ የእህል ነው። ይሄኛውን ግን ጎርፍ በየክረምቱ እየጠረገው ነው። ሦስት አራት ክረምት ቢያልፍ ምን ይቀረናል?»

ይህንንስ እሳቸውም ያውቃሉ። ከቦረቦሩ አፋፍ አጠገብ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች፤ ሚስታቸው ከሥራ የምታርፈው እሷ ላይ ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር ዛሬስ ይዟት ሄደ እያሉ ይጨነቃሉ። አምና ከዚያ ሁሉ ጎርፍ ስትተርፍ ተአምር ነው ብለዋል።

«ያ እምቢ ያለዎት ሣር አምና ለሙከራ የተከልኩት ነው» አለችና እጃቸውን ይዛ ወሰደቻቸው። ቦረቦሩ በግራና በቀኝ ሁለት ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ከሣሩ ዘንድ ሲደርስ ግን ቆሟል። በተናደው በኩል ሥሩ ቁልቁል ወርዶ አፈሩን ጨምድዶ እንደያዘ ይታያል። ከሣሩ ጀርባ ድንጋይዋ በቦታዋ ነበረች።

ሽማግሌው እጃቸውን ድንጋይዋ ላይ አሳረፉ። «እሷን... እሷን ይሄ ሣር ነው የያዛት?»

«አዎ አባባ። ለአያቴ ብዬ ነው ከዚህ የጀመርኩት።»

እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «አፈር ልብላ! እኔ ደግሞ በሁለት እጄ ልነቅለው!» ከዚያ ወደ ክምሩ ዞሩ። «ሥሩ ገና እርጥብ ነው። መልሰን ብንተክለው ይይዛል?»

«አሁኑኑ ከሆነ ይይዛል።»

«ታዲያ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ውሃ አምጪ እንጂ!»

ወፍጮው ቀረ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ሲተክሉ ዋሉ። በመሃል እውነተኛ አረም ሲያጋጥማቸው አባ ንቀል «ይቺንስ ልንቀላት?» እያሉ ያስፈቅዳሉ።

አሁን ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ሣሩ ከሰው ቁመት በልጧል። የመንደሩን ሰው ወደ ከተማ የሚያመላልሰው አውቶቡስ ከእሱ በወጣ ነዳጅ ይሄዳል። አፈሩ መሸሽ ትቷል፣ የታችኛው ወንዝ ጠርቶ ይወርዳል፣ የላይኛውም መሬት እህሉን አልነፈገም። ጎረቤቶች ተዳፋት መሬታቸውን ሣር እያለበሱ ነው፤ ችግኙን የሚያድሏቸው ደግሞ ራሳቸው አባ ንቀል ናቸው። ሥራ ሲጨርሱ ድንጋይዋ ላይ አረፍ ይላሉ። ከዳር ብቻ ነው ግን የሚቀመጡት፤ ግማሿን ለሚስታቸው ይተዋሉ።