የካምፓኒው ታፔላ

«መሥሪያ ቤታችን ሱቅ እያለ ባለቤቱም እኛም ከአንድ ትሪ ነበር የምንበላው» አሉ፣ ታክሲው ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሴትዮ። «ዛሬ ምሳችንን ይዘን ደጅ እንድንወጣ አዘዘን።»

«ለምን፣ እትዬ?» አላቸው አጠገባቸው ያለው ወጣት።

«አሁን ካምፓኒ ሆነናል፣ ካምፓኒ ውስጥ አይበላም ይለናል።»

«ቃሉ እኮ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው። ሥሩ ላቲን ነው። አብረው ዳቦ የሚበሉ ሰዎች ማለት ነው።»

«ምን አልክ?»

«አብረው ዳቦ የሚበሉ።»

«እሱ ይህን ያውቃል?»

«አያውቅም መሰለኝ።»

«ሳያውቅ ነው ታፔላው ላይ በትልቁ ያስጻፈው? ወራጅ አለ።»

«ተክለ ሃይማኖት ነው የምወርደው አላሉኝም? ገና አብነት ነን እኮ» አላቸው ወጣቱ።

«ልመለስ ነው። ወይ አብሮን ይብላ፣ ወይ ታፔላውን ያውርድ።»

እኔ አፌ ውስጥ የነበረውን ዳቦ ማኘክ አቆምኩ።