የመስቀል ቅቤ

እኅቴ መውለዷን በስልክ የሰማሁት ድሬዳዋ ሆኜ ነው። ባሏ ደቡብ አፍሪካ ነውና «ጌታ ሆይ፣ ማን ያርሳታል?» ብዬ አለቀስኩ። ከመስቀል በኋላ ልጠይቃት ስሄድ፣ ከሆሳዕና ዶዮገና በሚወስደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ጎናቸው ላለው ሰውዬ ያወራሉ።

«ሚስቴ በመስቀል ቆጮውን ያለ ቅቤ በላች። ጾም ይዣለሁ አለችኝ።»

«ጴንጤ በመስቀል ይጾማል እንዴ?»

«እኔም ሃይማኖት ቀየርሽ ወይ አልኳት። ሳቀችብኝ።»

«ምን ሆና ነው ታዲያ?»

«ወፍጮ ቤቱ አጠገብ አንዲት አራስ አለች። ባሏ ደቡብ አፍሪካ፣ እኅቷ ድሬዳዋ። ልጠይቃት ብገባ ስለ ቅቤው አመሰገነችኝ። ሚስቴ ዓመቱን ሙሉ ካጠራቀመችው የራሷን ድርሻ ሰጥታት ኖሯል።»

«የእርስዎንስ?»

«የእኔንማ አልነካችም። በየቀኑ ታቀርብልኛለች።»

«ይበላሉ?»

«ከዚያ ወዲህ አልወርድ አለኝ። የቀረውን ደብቄ ለአራሷ ወሰድኩላት።»

«ለሚስትዎ ምን አሏት?»

«ጾም ይዣለሁ።»

በዚያ ሚኒባስ አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ እኔ የአራሷ እኅት ከኋላቸው ዝም እንዳልኩ፣ እናንተም አደራ ለሚስታቸው እንዳትነግሩባቸው።