የውሰት ልብ

(አዲስ አበባ፣ የአንድ ሆስፒታል የልብ ምርመራ ክፍል፣ ረፋድ ላይ፤ ግዙፉ የጭነት መኪና ሾፌር አቶ ድንበሩ ከዶክተር ትርንጎ ጠረጴዛ ፊት ቆሟል።)

ድንበሩ፦ ፈርሚ ነው የምልሽ! መንጃ ፈቃዴን ላድስ ብሄድ “ስኳር አለብህ፣ ልብህ ደህና ነው የሚል ወረቀት ካላመጣህ አናድስም” ብለው ይኸው አርባ ቀኔ። አንድ ፊርማ ነው የጠየቅሁሽ፣ ኩላሊትሽን አላልኩሽ!

ዶ/ር ትርንጎ፦ መጀመሪያ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። ባልወድዎም፣ የማልፈርመው ስለማልወድዎ አይደለም። በኤምአርአይ የተነሳው ፎቶ መጥቷል። ይህ ልብ ታሟል።

ድንበሩ፦ የማን ልብ? ሊፍታችሁ ተበላሽቶ አራት ፎቅ በእግሬ ነው የወጣሁት!

ዶ/ር ትርንጎ፦ አራት ፎቅ? ይህ ልብ አራት ደረጃም አያስወጣም።

ድንበሩ፦ እንግዲያስ ማሽናችሁ ዋሽቷል።

ዶ/ር ትርንጎ፦ የሚዋሽ ሰው ነው። ይምጡ፣ ይዩት። ይህ ነጩ ደሙ ነው፣ በዙሪያው ያለው የልቡ ግድግዳ። ሲመታ እንደ ጡጫ መጨበጥ ነበረበት። አሁን ግን አይጨበጥም፤ ከሚሞላው ደም ሩቡን ቢገፋ ነው።

ድንበሩ፦ ገባኝ። ነገሩ ውፍረቴ ነው! ገና በሩ ላይ ስታዩኝ ነው የፈረዳችሁብኝ። ያቺ ነርስ “አልጋው ይችላቸዋል?” ብላ ስትጠይቅ ኮሪደሩ ሙሉ ሳቀብኝ። አገር ምድሩ “ወፈርክ፣ ተመቸህ፣ እሰይ!” ይለኛል፤ እናንተ ዘንድ ስመጣ ወንጀለኛ ነኝ።

ዶ/ር ትርንጎ፦ ነርሷ ያለችው ነውር ነው፤ እኔም አፍሬያለሁ። ግን “ተመቸህ” የሚልዎ ሰው ልብዎን አላየም። እኔ ስኳርና ውፍረት ልብን ምን እንደሚያደርጉት ለማጥናት የስድሳ ሰው ልብ በፎቶ አይቻለሁ።

ድንበሩ፦ ጥናት! ስድሳ አንደኛ ልታደርጊኝ ነዋ የያዝሽኝ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ዶ/ር ትርንጎ፦ ወረቀት ወረቀት ያሉት እርስዎ፣ አልለቅም ያሉትም እርስዎ! እንዲያውም ከገቡ ጀምሮ አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሲመዘገቡ መቶ ሃያ ሦስት ኪሎ ነበሩ።

ድንበሩ፦ ደግሞ ኪሎ!

ዶ/ር ትርንጎ፦ ይስሙኝ። በዚህ ፎቶ ላይ ከደረቱ ቆዳ ሥር ያለው ስብ ግን የጣት ውፍረት የለውም። መቼ ነው እንዲህ የከሱት?

ድንበሩ፦ እኔ ምን አውቄ? ማሽኑ አጥብቦኝ ይሆናል።

ዶ/ር ትርንጎ፦ ልብስ ሰፊ ነው እንዴ የሚያጠብብዎ? እንግዲህ እኔ ያለኝ ይህ ፎቶ ነው፣ ስሙም የእርስዎ ነው። ይህን ልብ የተሸከመ ሰው መሪ አይጨብጥም። መንጃ ፈቃዱ ጭራሽ ይሰረዝ ብዬ ዛሬውኑ እጽፋለሁ።

ድንበሩ፦ እንዳታደርጊው! ሃያ ስድስት ዓመት ነድቼ ዶሮ እንኳ አልገጨሁም! መሪ ይዤ አልጠጣሁ፣ ስልክ አላነሳሁ! በዚህ ነው ልጆች ያሳደግሁት!

ዶ/ር ትርንጎ፦ እኔም መንገድ ዳር የቆሙ ልጆች አሉብኝ። እጽፋለሁ።

ድንበሩ፦ ልቡ የኔ አይደለም!

ዶ/ር ትርንጎ፦ ምን አሉኝ?

ድንበሩ፦ አይደለም አልኩሽ! እንግዲህ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እኔ ማሽኑ ውስጥ አልገባሁም። ታናሽ ወንድሜን ነው የላክሁት፣ ቢተውን። በኔ መታወቂያ ገባ። የመታወቂያዬ ፎቶ የጥንት ነው፤ ያኔ እኔም ሸንበቆ ነበርኩ።

ዶ/ር ትርንጎ፦ ሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ! እስካሁን የሚጮሁብኝ በሰው ልብ ነው?

ድንበሩ፦ ስደቢኝ፣ ግድ የለም። ቀጭን ነው፣ ስኳር የለበት፣ ምን የለበት፤ ንጹሕ ፎቶ ያመጣልኛል ብዬ ነው። ለካ እሱም አልረባኝም! ግን እዪው፣ የተበላሸው የሱ ከሆነ የኔ ደህና ነው ማለት አይደል? በይ ፈርሚ!

ዶ/ር ትርንጎ፦ አቶ ድንበሩ፣ አሁን ከአፍዎ የወጣውን ሰምተውታል?

ድንበሩ፦ ምኑን?

ዶ/ር ትርንጎ፦ “የተበላሸው የሱ ከሆነ” አሉ። የእርስዎ ወንድም።

ድንበሩ፦ ቆይ... ይህ የታመመው ልብ የሱ ነው?

ዶ/ር ትርንጎ፦ ፎቶ በተነሳ ዕለት ጣቱ ተወግቶ ስኳሩ ተለክቷል። አራት መቶ ሰባ! የእርስዎ መስሎን “መድኃኒቱን አይወስድም” ብለን ጻፍን።

ድንበሩ፦ ቢተው? እሱ እኮ ጎድኑ ይቆጠራል!

ዶ/ር ትርንጎ፦ ስኳርን ለወፍራም ብቻ ማን ሰጠው? ላዩን ቀጭን ነው፣ ውስጡን ለቄስ። ይኸው፣ ልቡን የከበበው ስብ። ውኃ ያበዛል?

ድንበሩ፦ በጀሪካን ይዞ ነው የሚዞረው። “ግመሉ” ነው የምለው።

ዶ/ር ትርንጎ፦ ሽንትስ?

ድንበሩ፦ በየመንደሩ አቁሞ ይወርዳል። “በሽንት ናፍጣ ጨረስክብኝ” እያልኩ ስሰድበው ነው የከረምኩት።

ዶ/ር ትርንጎ፦ እግሩ ያብጣል?

ድንበሩ፦ ጫማ እምቢ ካለው ሰንብቷል። በነጠላ ጫማ ነው የሚነዳው።

ዶ/ር ትርንጎ፦ የሚነዳው?

ድንበሩ፦ የኔ ፈቃድ አልታደሰም አልኩሽ እኮ! መኪናዋ ትቁም? እሱ ነው የያዘልኝ።

ዶ/ር ትርንጎ፦ አሁን የት ነው ያለው?

ድንበሩ፦ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ተነስቷል። ሲሚንቶ ጭኖ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ብቻውን። ስንት ሰዓት ነው?

ዶ/ር ትርንጎ፦ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው።

ድንበሩ፦ እመቤቴ! ዓባይ በረሃን እየወረደ ነው።

ዶ/ር ትርንጎ፦ ይደውሉለት! እንዲህ የደከመ ልብ ድንገት ምቱ ይዛባና ሰውየው ራሱን ሊስት ይችላል። ባገኘበት ዳር ይዞ ያቁም፣ መሪውን ይልቀቅ። አሁኑኑ!

ድንበሩ፦ እየደወልኩ ነው። ጠራ... እየጠራ ነው።

ዶ/ር ትርንጎ፦ እሺ?

ድንበሩ፦ አላነሳም።

ዶ/ር ትርንጎ፦ ይድገሙት!

ድንበሩ፦ ሦስተኛዬ ነው! አያነሳም፣ ዶክተር፣ አያነሳም። “መሪ ይዘህ ስልክ ብታነሳ ወንድሜ አይደለህም” ብዬ ያስማልኩት እኔ ነኝ።