መብራት እንዳይመጣ የተሳልሁበት ቀን

ጣና ዳር ጀልባዬን በኤሌክትሪክ ክሬን ሰቅለው ሊጠግኑልኝ ሲሉ፣ «ጀልባዬን ለሰው አምኜ አልሰጥም» ብዬ እላዩ ላይ እንደተቀመጥሁ አብሬ ተሰቀልሁ። ሽቅብ ወጣሁ፣ ወጣሁና ማዶ ጎርጎራ ላይ ልብስ የምታጥብ ሴት ታየችኝ። ይኸኔ መብራት ድርግም! ወድቄ መፈጥፈጤ ነው ብዬ፣ «ክብራን ገብርኤል፣ መብራቱን አምጣልኝ፣ ወይፈን አስገባለሁ!» አልሁ። መካኒኳ ዘይነባ ከታች ሆና ሳቀች።

«አባባ፣ አይፍሩ! መብራት ሲጠፋ ስፕሪንጉ ራሱ ፍሬኑን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። የሚያስለቅቀው መብራት ነው።»

«ምን አልሽ? መብራት ሲመጣ ነው የሚለቀኝ?»

«አዎ!»

«ገብርኤል ሆይ፣ የፊተኛውን ሰርዘው! መብራቱን አታምጣ፣ ሁለት ወይፈን!» ብዬ ሳልጨርስ ሰፈሩ በሙሉ «መጣ! መጣ!» እያለ አስተጋባ። ባሕር ዳር ከተቆረቆረች ጀምሮ መብራት መጣ ተብሎ ኡኡታ ያሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። ዘይነባ ግን የክሬኑን ማውረጃ ቁልፍ ተጭና እንደ እንቁላል ቀስ አድርጋ አወረደችኝ።

«አባባ፣ ወይፈኑን መቼ ይወስዳሉ?»

«የቱን ወይፈን? የፊተኛውን ስለት ሰርዣለሁ፣ የኋለኛው አልሰመረም!»